ውሃ እንግዳ አይደለም

የጋሽ ቶላን ሞት የነገረችኝ ውሃ ልትለምነኝ የመጣች ሴት ናት።

ሶሌታ እየሞላን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሚክሰሩ ይዞራል፣ ሠራተኞቹ ኮንክሪቱን በባሬላ እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያወጣሉ፣ የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን ሰብስቦ ዓይናችን ውስጥ ይጨምራል። የሶሌታ ሙሌት ቀን ቀልድ የለም። የፎቅ ወለል አንዴ መሞላት ከጀመረ ማለቅ አለበት፤ ግማሹ ደርቆ ግማሹ ነገ ከተጨመረ ሁለቱ በቀላሉ አንድ አካል አይሆኑም። ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው፣ የሰፈሩ ተራ ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሳምንቱን ሙሉ በርሜል ሳስሞላ ሰንብቼ በዚያች ሰዓት የቀሩኝ ስድስት ነበሩ። ለቀረው ሥራ ልክክ ያሉ ስድስት በርሜሎች።

ሴትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ባዶ ጀሪካን ባጃጅ ሙሉ ጭና በሩ ላይ ቆመች።

«እህቴ፣ ለቅሶ ቤት ነው» አለችኝ። «ቧንቧው ደርቋል፣ ቦቴውም ነገ ነው የምመጣው ብሏል። እድሩ ድንኳን ተክሎ ውሃ የለም። እስቲ ሁለት ሦስት በርሜል እንኳ ስጡን።»

«ማን ነው የሞተው?»

«ጋሽ ቶላ። ፎርማኑ። እዚህ ታች ቅያስ ያሉት።»

«ትንሽ ታገሺኝ» ብያት ደረጃውን ወጣሁ። ላይ የምሠራው ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ ከዓይኗ ለመሸሽ ነው። ከሶሌታው ላይ ሆነው ሲያዩት ከከተማው ወዲያ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች ቀስ ብለው ይዞራሉ። ከታች ሚክሰሩ ይዞራል። ፀሐዩም ጭንቅላት ላይ ነው። እኔም እዚያው እንደቆምኩ፣ ዓይኔ ተከፍቶ፣ ወደ ሌላ ሶሌታ ሄድኩ።

ጋሽ ቶላን ሳውቃቸው ጡረታ የወጡ ያህል ነበሩ። ረጅም ቀጭን ሰው፣ ጆሯቸው ላይ የማይጠፋ የአናጺ እርሳስ፣ የማይቀመጡበት ወንበር የለም፣ የሚደገፉት ግድግዳ ግን አልነበረም። ግድግዳ አይደገፉም። «ማን እንደሠራው ሳላውቅ?» ይላሉ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንዲት ትንሽ የምህንድስና አማካሪ ቢሮ ተቀጥሬ ነበር፤ እሳቸው ከቢሮው ሥር ካለው ሻይ ቤት ተቀምጠው ቤት የሚሠራ ሁሉ ያማክራቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ሄልሜቴን አድርጌ ሳልፍ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሄልሜቱ ጥሩ ነው። ከሥሩ ያለውን ደግሞ እናያለን» አሉ። ለአንድ ወር አኮረፍኳቸው። እሳቸው ማኩረፌንም አላወቁ፤ ባለፍኩ ቁጥር «አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ እንደምን አለሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እንደዚያ የሚልን ሰው እስከ መቼ ያኮርፉታል?

ኪሎ የሚባል ነገር እሳቸው ዘንድ የለም። ፎርማን ከመሆናቸው በፊት፣ ልጅ እያሉ፣ በመልካሳ በኩል በፈረስ ጋሪ ውሃ ያመላልሱ ነበር፤ ስለዚህ የዓለምን ክብደት ሁሉ በጀሪካን ነው የሚቆጥሩት። ፍሪጅ አራት ጀሪካን ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ሁለት ተኩል። አንድ ጊዜ ሆዱ የገፋ ተቆጣጣሪ ሳይት ሊጎበኝ ሲመጣ፣ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብለው «አምስት ጀሪካን፣ ከነከረባቱ» አሉኝ። ሰውየው ሲናገር ሳቄን ለመያዝ እርሳሴን አኘክሁ።

አንድ የማይገባኝ ልማድ ነበራቸው። ወይዘሮ ጫልቱ የሚባሉ ባለሱቅ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አሏቸው፤ ሟቹ ባላቸው አቶ ኃይሉ ያሠሩት ነው፣ ፎርማኑም ጋሽ ቶላ ነበሩ። ጋሽ ቶላ በዓል በመጣ ቁጥር እዚያ ቤት ይወጣሉ። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሰፊዋ ክፍል ገብተው፣ በግድግዳው ጥግ በባዶ እግራቸው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ ጣታቸውን እያስቀደሙ፣ የተኛ ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ እንደሚሄድ ሰው። ከዚያ ተቀምጠው የቀረበላቸውን ቀምሰው ይሄዳሉ። ወይዘሮ ጫልቱ ምንጣፋቸው እንዳይቆሽሽ ተጠንቅቀውላቸው ይመስላቸው ነበር። «እንደሳቸው ያለ ጨዋ የለም» ይላሉ። እኔም ሠራተኛ ሥራውን ሲወድ እንዲህ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ከዚያ የመስታወቱ ነገር መጣ።

ወይዘሮ ጫልቱ የባቱ ልጅ ናቸው። አባታቸው ኦቦ ገመቹ ዕድሜያቸውን ሁሉ የዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እግራቸው ሲከዳቸው ልጃቸው አዳማ አምጥተው ያችው ሰፊ ክፍል ውስጥ አስተኟቸው። ሽማግሌው መንገዱን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ተጋድመው ባጃጅ ሲያልፍ ያያሉ። ጠዋት ጠዋት «ውሃው የት ሄደ?» ይላሉ። አእምሯቸው ደህና ነው፤ ባቱ እንዳልሆኑ ያውቃሉ። ብቻ ይጠይቃሉ። እየቆየ ምግቡንም ተዉት። ሐኪሙ መርምሮ ምንም አጣባቸው።

ልጃቸው አኳሪየም አዘዙላቸው። ትንሿን ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋን እንዳይመስላችሁ፤ ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ቆሮሶ ዓሣ የሚዋኝበት፣ ሰው ሊተኛበት የሚችል የመስታወት ገንዳ ነው። ወለሉ ይችል እንደሆነ እንድነግራቸው ጠሩኝ። ከሥሩ ያለችው ክፍል ውስጥ ተከራይዋ ልጆቿን ነው የምታስተኛው።

ፕላኑን አውጥቼ ሦስት ቀን አሰላሁ። መሃል ቢቀመጥ ያሰጋል፤ ግድግዳው ጥግ፣ ወለሉን ከሚሸከመው ቢም አጠገብ ከሆነ ግን ይችላል። በራሴ ኮራሁ። በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው የፌሮ ብረት ወረቀቱ ላይ እንዳለው መታሰሩን ለማረጋገጥ ብቻ፣ ለወጉ ያህል፣ ሻይ ቤቱ ወረድኩ።

«ስንት ጀሪካን?» አሉኝ ጋሽ ቶላ።

«ሰማንያ። ከመስታወቱና ከብረት መቆሚያው ጋር መቶ።»

«የት ላይ?»

«ጥጉ ላይ፣ ቢሙ አጠገብ።»

ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «ኢንታላ ኮ፣ ሠላሳ ሰው እዚያ ጥግ ላይ ቢቆም አልፈራም። ሰው እንግዳ ነው፣ ተጫውቶ ይሄዳል። ውሃ እንግዳ አይደለም። አንዴ ከተቀመጠ ሌት ተቀን፣ ዓመት እስከ ዓመት እዚያው ነው።»

«እሱንም አስልቼዋለሁ። ፕላኑ ይችላል ይላል።»

«ፕላኑ እውነቱን ነው። ሶሌታው ግን ፕላኑን አላነበበም።»

«እንግዲያው ምክንያቱን ይንገሩኝ።»

ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ሻይ ቤቱ ውስጥ አላየኋቸውም፤ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ቅያስ ይቀይራሉ። እኔም በውስጤ ፈረድኩባቸው። አርጅተዋል፣ በአንዲት ልጅ ወረቀት መበለጣቸው ከንክኗቸዋል አልኩ። ይህን ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ኦቦ ገመቹ እየቀነሱ ሄዱ። ወይዘሮ ጫልቱ ደውለው «አባት ሲሞት የሚደርስ ሞልቷል፣ እንዳይሞት የሚደርስ ጠፋ» ሲሉኝ እንግዲህ ምን ይባላል? መስታወቱ በስምንት ሰው ሸክም ወጣ፣ ጥጉ ላይ ቆመ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቦቴው መጥቶ ቱቦውን በመስኮት ማስገባት ጀመርን። ሽማግሌው ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው ባዶውን መስታወት ያያሉ። ፀሐይ በመስታወቱ አልፋ ጣሪያው ላይ ትወዛወዛለች፤ ውሃ ሳይገባበት ውሃ የገባበት ይመስል ነበር። ሁላችንም ደስ ብሎን አየነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለውን ያን ጊዜ አላስታወስኩትም።

ጋሽ ቶላ ያን ጊዜ ገቡ። ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁ። ማንንም ሰላም ሳይሉ እስከ ጥጉ ሄደው፣ በመስታወቱና በአልጋው መካከል ባዶ እግራቸውን አጋጥመው ቆሙ።

«ቱቦውን አስወጡት» አሉ። «እዚህ እግሬ ያለበት ላይ ሶሌታው ሁለት ነው።»

ማንም አልገባውም። እኔ ግን ቱቦውን ጎትቼ አወጣሁት።

ቆመው ነገሩን። የዛሬ ሃያ ዓመት ይህ ወለል ሲሞላ ከሰዓት ላይ ከጎረቤት ሰዎች መጡ። አንዲት እናት ልጇን መኪና ገጭቶባት ሬሳው ገና መግባቱ ነው፤ ለአጠባውም፣ ለለቀስተኛውም ውሃ የለም። ጋሽ ቶላ ካላቸው በርሜል ግማሹን ሰጡ። ቦቴ ይመጣል ብለው ነበር፤ አልመጣም። ሙሌቱ ከቢሙ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመ። አቶ ኃይሉ ለሠራተኛው የሚታረደውን በግ ሊገዙ ገበያ ሄደው ነበር፤ ሲመለሱ ሥራው ቆሟል።

«ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ሚክሰሩ ተበላሽቶ ነው አልኳቸው» አሉ ጋሽ ቶላ። «ቶላ ሙሌት አያቋርጥም ይባል ነበር። ይህን ስሜን ወደድኩት። በማግስቱ የደረቀውን ጠርዝ በመሮ ፈልፍሎ፣ አጥቦ፣ የሲሚንቶ ውሃ አጠጥቶ ነው መቀጠል የነበረብኝ። ማጠቢያ ውሃ ይቅርና የመጠጥም አልነበረም። ደግሞ መፈልፈል ከጀመርኩ ሰው ምን ሆነ ሊል ነው። ዝም ብዬ ደፋሁበት። ሙሌት የግድ ከቆመ መሃል ላይ ይቆማል፤ ቢም ሥር አይቆምም። ቢም ሥር ወለል የሚቆረጥበት ቦታ ነው። ለሰው፣ ለአልጋ፣ ለቁም ሣጥን ሃያ ዓመት ችሏል። ለሚቀመጥ ውሃ ግን አልምልም።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የጋሽ ቶላን ያወጣው ግን ውሃ ነበር።

ወይዘሮ ጫልቱ ድምፃቸውን ሳያነሱ «ጋሽ ቶላ፣ ልጆቼን እዚህ ጥግ ነው ያሳደግኳቸው። ጫማዎን ሲያወልቁ እኔ ጨዋ ናቸው እል ነበር» አሏቸው። ጋሽ ቶላ አንገታቸውን ደፉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ያንን ስሌት ፈርሜበት ነበር።

ያዳኑን ኦቦ ገመቹ ናቸው። ለሳምንታት ከአንድ ጥያቄ በቀር ያልተናገሩት ሰውዬ ከትራሳቸው ላይ ሆነው «ቶላ» አሉ። «የዚያች እናት ለቅሶ ላይ ውሃው በቃ?»

«በቃ፣ ኦቦ ገመቹ።»

«እንኳን ሰጠህ።» ትንሽ ተነፈሱ። ከዚያ መስታወቱን በአገጫቸው እያሳዩ «እኔ ደግሞ ልጄን እንዳላስከፋት ብዬ ነው እንጂ ዓሣን በጎኑ አይቼ አላውቅም። ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ከላይ ነው የሚያየው» አሉ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በዚህ ተፈታ። ጋሽ ቶላ ከበረንዳው ሥር፣ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ፣ ሰፊ የሲሚንቶ ገንዳ ሠሩ። ሙሌቱን በአንድ ቀን፣ ሳያቋርጡ ጨረሱት። የሽማግሌው አልጋ ወደ በረንዳው ጠርዝ ተጠጋ። ከባቱ ቆሮሶ በበርሜል መጣ። ኦቦ ገመቹ ቁልቁል እያዩ መብላት ጀመሩ፤ ዓሣዎቹ ጀርባቸውን ብቻ እያሳዩ ሲያልፉ በጣታቸው ይከተሏቸዋል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ገንዳው ላይ ሲወርድ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈልጉም ነበር። እንዲህ እያሉ ሁለት ክረምት ኖሩ። መስታወቱ ተቆራርጦ የሱቁ መደርደሪያ ሆነ።

ያችን ጥግ እኔና ጋሽ ቶላ ከሥር የብረት ተሸካሚ አስገብተን ደገፍናት። ተከራይዋ ልጆቿን ይዛ እስከዚያው ሌላ ክፍል አደረች። ብረቱን ያሰሩት በገዛ እጃቸው ነው፣ መሰላል ላይ ወጥተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው። እኔ እወጣለሁ ብላቸው «ሄልሜትሽን ይዘሽ ታች ቁሚ» አሉኝ።

ወሬው ግን ከተማው ውስጥ ዞረ። ቶላ ሙሌት አቋርጦ ደበቀ ተባለ። እሳቸው የሞሉት ወለል ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ቤቱን ያስመረምር ጀመር። ሌላ እንከን አልተገኘም፤ ቢሆንም ሻይ ቤቱ ውስጥ የሚያማክራቸው ሰው እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀን ብቻቸውን ተቀምጠው አግኝቻቸው «ባይናገሩት ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር፤ መስታወቱን በሌላ ሰበብ ያስቀሩት ነበር» አልኳቸው። ተናድጄ ነው፣ ለእሳቸው ተናድጄ።

ሳቁ። «በውሃው አልጸጸትም፣ ዛሬም ቢመጡ እሰጣለሁ» አሉ። «የበደልኩት ሚክሰሩን ነው። ደህና ሚክሰር አማሁ።»

በሚቀጥለው በዓል ወይዘሮ ጫልቱ ቤት ሄድን። አብረን ደረጃውን ወጣን። ጋሽ ቶላ በሩ ላይ ቆም አሉ፣ ከዚያ ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ። አቧራ የቃመ የሳይት ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ እያተሙ ሄደው ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ወይዘሮ ጫልቱ ምንጣፉን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዙረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ባዶ እግራቸውን አይቻቸው አላውቅም።

«ኢንጂነር፣ ሴትየዋ ሄዳ ትምጣ ወይ?»

ከሠራተኞቹ አንዷ ናት። ሚክሰሩ አሁንም ይዞራል። የነፋስ ማመንጫዎቹም አልቆሙም። የሞላነውን አየሁት፣ የቀረውን አየሁት። ሦስት በርሜል እስከ መሃል ያደርሰናል። መሃል ላይ ደግሞ ማቆም ይቻላል፤ ይህን ማን እንዳስተማረኝ አውቃለሁ።

ወርጄ ሴትየዋን «ሦስቱን ውሰዱ» አልኳት። እሷ ከባጃጁ ሹፌር ጋር ጀሪካኖቹን ስትሞላ እኔ ቆሜ ሳልፈልግ ቆጠርኳቸው። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ጋሽ ቶላ ቢኖሩ ስንት ጀሪካን እንደሚከብዱ አሰብኩ፤ ሦስት ተኩል ቢሆኑ ነው፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ያኔ አለቀስኩ። ሴትየዋ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

አናጺዎቹን ጠርቼ መሃል ላይ ጣውላ አስመታሁ፣ ፌሮው ሳይቆረጥ እንዲያልፍ። ነገ ጠርዙ በመሮ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ የሲሚንቶ ውሃ ይጠጣል። በሳይቱ መዝገብ ላይ ሙሌቱ የቆመበትን ቦታና ምክንያቱን ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ለባለቤቱ ደወልኩ። በግ ሊገዛ ገበያ ሄዷል፤ ከበስተኋላው የበጎቹ ጩኸት ይሰማል።

«ዛሬ አንጨርስም፤ ሙሌቱን መሃል ላይ አቁሜዋለሁ» አልኩት።

«ምነው ኢንጂነር?» አለ ደንግጦ። «ሚክሰሩ ተበላሸ እንዴ?»

«አይ» አልኩት። «ሚክሰሩ ደህና ነው። ውሃውን ለለቅሶ ቤት ሰጥቼው ነው።»